የኋለኛው ሰው እግር፤ በያዮና በኢሉባቦር ከተሞች ስለ ሞተር ሳይክል ተፈናጣጭ መርገጫና ምቾት

ከበደሌ ተነሥቶ በያዮና በሁሩሙ አድርጎ ወደ መቱ፣ ከመቱም ወደ ጎሬ የሚዘልቀውን ጎዳና የሚያውቅ ሰው፣ ዋናው መንገድ አስፋልት ለብሶ ቢያገኘውም፣ ከዚያ ግራና ቀኝ ወደ ቀበሌዎቹ፣ ወደ ቡናው ጫካና ወደ ወንዞቹ ዳር የሚገነጠሉት ጥርጊያዎች ዛሬም በኮረኮንች፣ በጭቃና በዛፍ ሥር የተያዙ መሆናቸውን፣ በእነዚህም ላይ የሰው ልጅ ከገዛ እግሩ ቀጥሎ ተስፋ የሚጥልበት መጓጓዣ ሞተር ሳይክል መሆኑን ሳይመለከት አያልፍም። መምህሩ ወደ ትምህርት ቤቱ፣ ነጋዴዋ ወደ ገበያዋ፣ ሕመምተኛው ወደ ጤና ጣቢያው፣ ለቃሚው ወደ ቡናው ቦታ የሚደርሰው አብዛኛውን ጊዜ ከማያውቀው ወጣት ጀርባ ተፈናጥጦ ነው። ስለ ነጂው ብዙ ተነግሯል፤ ስለ ሞተሩ ጕልበት፣ ስለ ነዳጁ ዋጋና ስለ መንጃ ፈቃዱም እንዲሁ። ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው፣ ይልቁንም ያ ሰው እግሩን ስለሚያሳርፍባት ቁራጭ ብረት ግን የሚናገር እምብዛም አይገኝም።

ይህ ዳሰሳ የሚመረምረው ይህችኑ ብረት ነው። በመጠን ትንሽ ብትሆንም፣ የሥጋን ድካምና ዕረፍት፣ የነፍስን ደኅንነት፣ ደግሞም የሕግንና የእጅ ጥበብን ነገር በአንድነት የምታገናኝ ስለ ሆነች፣ እንደ ትልቅ ጥያቄ ልትመረመር ይገባታል ብዬ አምናለሁ። አሳቤንም ከወዲሁ ልግለጽ፤ ተፈናጣጭ የራሱ ክብርና መብት ያለው መንገደኛ ሆኖ የሚቆጠረው ለእግሩ የተመጠነ ማረፊያ ሲዘጋጅለት ነው፤ ይህ ከጎደለው ግን ኪራዩን ቢከፍልም እንኳ አጠገቡ ከታሰረው የቡና ጆንያ የሚለይበት ነገር አይኖረውም።

ያዮን ለማያውቅ አንባቢ ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በያዮና በአጎራባች ወረዳዎች የተዘረጋው፣ በጥላው ሥር የዱር ቡና በተፈጥሮው የሚበቅልበት ደን፣ በ2002 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ተብሎ ተመዝግቧል፤ ስፋቱም 167 ሺህ ሄክታር ያህል ነው። ስፍራው በሦስት ክልል ተከፍሎ፣ ውስጠኛው ከሰው እጅ ተጠብቆ ይኖራል፤ በመካከለኛው ቡናውና ሌላው የደን በረከት በልክ ይለቀማል፤ በውጭኛው ሕዝቡ ያርሳል፣ ይነግዳል፣ ልጆቹን ያሳድጋል። ደን የሚጠበቅበት አገር በየአቅጣጫው ሰፊ መንገድ የማይቀደድበት አገር ስለ ሆነ፣ ጠባቧ ጥርጊያና በእርሷ ላይ የምትሄደው ባለ ሁለት ጎማ ተሽከርካሪ ገና ብዙ ዘመን አብረው እንደሚኖሩ የታወቀ ነው። በዚህም ላይ የአካባቢው ዝናብ ይጨመራል፤ ጎሬና አካባቢዋ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸውና ክረምቱ ከሚረዝምባቸው ስፍራዎች መካከል ስለሚቆጠሩ፣ እግርና ብረት ደርቀው የሚገናኙበት ወራት አጭር ነው።

በዚህ አገር መፈናጠጥ ከሞተር በፊት የነበረ ልማድ ነው። ጎሬ የኢሉባቦር መናገሻ በነበረችበት ዘመን፣ ራስ ተሰማ ናደው አገሩን ሲያስተዳድሩ፣ በኋላም ዳግማዊ ምኒልክ በ1894 ዓ.ም. ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር ባደረጉት ውል መነሻነት በባሮ ዳር የጋምቤላ የንግድ ጣቢያ ከተከፈተ ወዲህ፣ የደጋው ቡና ወደ ቆላው የሚወርደው በጋማ ከብት ጀርባና በሰው ትከሻ ነበር። በዚያ ዘመን በቅሎ የሚጭን ሰው ኮርቻውን፣ ግላሱን፣ ልጓሙንና እርካቡን አንድ በአንድ ይመረምር ነበር፤ እርካቡ ለተቀማጩ ቁመት ካልተመጠነ ጉዞው መከራ እንደሚሆን ያውቃልና፣ ጠፍሩን ለአጭሩ ያሳጥራል፣ ለረጅሙም ያስረዝማል። ባላገሩ በባዶ እግሩ ሲጋልብ የእግሩን አውራ ጣት ብቻ በቀጭኗ የብረት ቀለበት አስገብቶ ቁልቁለቱን ሲወርድ፣ ያች ቀለበት የሰውነቱን ሚዛን ሁሉ ትሸከምለት ነበር። ከጋላቢው ኋላ የተፈናጠጠው ሰው ግን እርካብ አልነበረውም፤ እግሩን በእንስሳዪቱ ጎንና ጎን አንጠልጥሎ ይሄዳል፤ የበቅሎ እርምጃ ዝግ ያለ ስለ ሆነም ይህ ጉድለት ብዙ ጉዳት ሳያደርስ ኖሯል። ዛሬ በሰዓት 50 እና 60 ኪሎ ሜትር በሚሮጥ ሞተር ላይ እግሩን አንጠልጥሎ የሚቀመጥ ሰው ስመለከት፣ ይህ አኳኋን ከዚያ ከበቅሎው ዘመን ሳይመረመር የተላለፈ ልማድ ይመስለኛል። የበቅሎዋ እርካብ በሰው ልክ ስትረዝምና ስታጥር፣ የሞተሩ መርገጫ በፋብሪካ አንድ ጊዜ ከታሰረች በኋላ ለአጭሩም ለረጅሙም፣ ለሕፃኑም ለሽማግሌውም ያችው አንዷ መሆኗ ደግሞ፣ ወደፊት እንደምናየው፣ የችግሩ ዋና ሥር ነው።

አሁን ወደ ብረቷ እንመለስ። መርገጫዪቱ የምትታሰርበት ቦታ በሁለት ይከፈላል። አንደኛው የሞተሩ ዋና አጥንት የሆነው ሻንሲ ነው፤ ሁለተኛው የኋላውን ጎማ አቅፎ ከጎማው ጋር ወደ ላይና ወደ ታች የሚወዛወዘው ክንድ ነው። አሞርዛተሩ የሚቆመው በክንዱና በሻንሲው መካከል ስለ ሆነ፣ ከሻንሲው ጋር የተያያዘው ሁሉ፣ ይኸውም መቀመጫውና በመቀመጫው ላይ ያለው ሰው፣ ከድንጋዩ ግጭት በመጠኑ ይጠበቃል፤ በክንዱ ላይ የታሰረ ነገር ግን ከጎማው ጋር አብሮ ይዘላል። መርገጫዪቱ በክንዱ ላይ ከታሰረች እንግዲህ፣ የተፈናጣጩ ወገብ በአንድ አኳኋን፣ እግሩ ደግሞ በሌላ አኳኋን ይነቃነቃል፤ ጎማው ድንጋይ በመታ ቍጥር ጕልበቱ ወደ ደረቱ ይገፋል፤ ከክንዱ መታጠፊያ በራቀች መጠንም ግፊቱ ይበረታል። በ1958 እ.ኤ.አ. ወጥቶ እስከ 2017 እ.ኤ.አ. ድረስ ከ100 ሚሊዮን በላይ የተሠራው፣ በዓለም ላይ ከተሠሩት ሞተር ሳይክሎች ሁሉ በብዛት ተወዳዳሪ ያልተገኘለት የሆንዳ ሱፐር ካብ እንኳ በቀድሞዎቹ ሞዴሎቹ የተፈናጣጩን መርገጫ በዚሁ ክንድ ላይ ያሰረ ነበር። በለሰለሰ የከተማ ጎዳና ላይ ለአጭር መንገድ ይህ ብዙ አያስከፋም፤ ከያዮ ወጥቶ ወደ ጫካው ለሚገባ ሰው ግን ልዩነቱ ከጉዞው በኋላ በቁርጭምጭሚቱና በጕልበቱ ይታወቀዋል። ስለዚህ ሞተር የሚገዛ ወይም ለኪራይ የሚያሰማራ ሰው ጐንበስ ብሎ መርገጫዪቱ ከየትኛው ብረት ጋር እንደ ታሰረች ቢመለከት፣ ለሚያመላልሰው ሕዝብ ትልቅ ውለታ ይሆናል።

የመርገጫዪቱ ከፍታ ሌላው ምዕራፍ ነው። ከመቀመጫው እስከ መርገጫዋ ያለው ርቀት ሲያጥር የተፈናጣጩ ጕልበት ወደ ላይ ይወጣል፣ ጭኑ ከመቀመጫው ይለያል፣ የሰውነቱ ክብደት ሁሉ በጭራ አጥንቱና በሁለቱ የመቀመጫ ዐጽሞች ላይ ይወድቃል፤ ረጅም ሰው ከያዮ መቱ ሲደርስ ወገቡን ይዞ የሚወርደው ስለዚህ ነው። ርቀቱ ሲበዛ ደግሞ አጭሩ ሰው በእግሩ ጫፍ ብቻ ይረግጣል፣ የመቀመጫው ጠርዝ ከጭኑ በታች ያለውን የደም ሥር ይጫነዋል፣ እግሩም ይደነዝዛል፤ የደነዘዘ እግር ደግሞ ከመርገጫው መውረዱን ባለቤቱ እንኳ አያውቅም። ሠሪዎቹ መርገጫዪቱን ከፍ የሚያደርጉበት የራሳቸው ምክንያት አላቸው፤ ሞተሩ በመታጠፊያ ላይ ሲያዘነብል መሬት እንዳትነካ፣ ከማርሚታውም በላይ እንድትሆን፣ የኋለኛውም መቀመጫ ከፊተኛው ከፍ ያለ በመሆኑ ከእርሱ ጋር እንድትስማማ ያስባሉ። ብረቷ ተጣጥፋ ወደ ላይ የምትነሣውም በዚሁ ጥበብ ነው፤ ሞተሩ ቢወድቅ ወይም እጅግ ቢያዘነብል፣ የማትታጠፍ ብረት መሬቱን ነክሳ ጎማውን ከመንገዱ ልታነሣው ትችላለች፤ ሞተሩን የሚገፋውም ሰው ቅልጥሙን አይላጥም። ብዙ ጊዜ የምንዘነጋው ግን ተጣጥፋ የቆየችውን መርገጫ ሰው ከመውጣቱ አስቀድሞ ዘርግቶ መጠበቅ የነጂው ግዴታ መሆኑን ነው። ሽማግሌ ሰው ጋቢውን ሰብስቦ፣ ከዘራውን በአንድ እጁ ይዞ ከወጣ በኋላ መርገጫውን በእግሩ ሲፈልግ ማየት ያሳዝናል፤ ወጣቱ «አባባ፣ ቆዩ ልዘርጋልዎት» ብሎ በእጁ ቢያወርዳት የሚጠፋው ጊዜ ምንም አይደለም።

የመርገጫ ጥቅም በዕረፍት ብቻ የሚወሰን አይደለም፤ ነጂው ፍሬን ሲይዝ የተፈናጣጩ አካል ወደ ፊት መሄዱን ይቀጥላልና፣ የሚያቆመው ወይ የገዛ እግሩ ግፊት ነው ወይ የነጂው ጀርባ። እግሩ የሚረግጠው ነገር ከሌለው ክብደቱ ሁሉ በነጂው ላይ ይጫናል፤ ነጂውም መሪውን በሚገባ መያዝ በሚያስፈልገው በዚያች ቅጽበት እጆቹ የሁለት ሰው ክብደት ይሸከማሉ። በዳገት ላይ ነገሩ ይገለበጣል፤ ተፈናጣጩ ወደ ኋላ ይንሸራተታል፣ እግሩም ድጋፍ ካጣ ነጂውን አንቆ ይይዛል። ከዚህ የተነሣ ስለ ምቾትና ስለ ደኅንነት ሁለት ልዩ ልዩ መጽሐፍ መጻፍ አይቻልም፤ በዚህ ጉዳይ ሁለቱ አንድ ባሕርይ ናቸው።

የሰው አካል ንዝረትን እንዴት እንደሚቀበል የመረመሩ ሊቃውንት፣ ተቀምጦ ለሚሄድ ሰው ይበልጥ የሚከብደው ከታች ወደ ላይ በሴኮንድ ከ4 እስከ 8 ጊዜ የሚመላለሰው ንዝረት መሆኑን ደርሰውበታል፤ ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅትም በ2631 ቍጥር በሚታወቀው መለኪያው ይህንኑ መዝግቦታል። ኮረኮንች መንገድ ይህን ንዝረት አብዝቶ ይሰጣል። በሞተር ላይ ደግሞ ነጂው የሚቀመጠው በሁለቱ ጎማዎች መካከል በመሆኑ የኋላው ጎማ ሲዘል የዝላዩን ከፊል ብቻ ይካፈላል፤ ተፈናጣጩ ግን ከኋላው ጎማ በላይ ማለት ይቻላል ስለሚቀመጥ ዝላዩን ሙሉውን ይቀበላል። ነጂው መንገዱን እያየ ጕድጓዱን አስቀድሞ ያውቃል፣ መሪውንም ይይዛል፤ ተፈናጣጩ የሚያየው የነጂውን ትከሻ ነው። ስለዚህ በእግሩ ጸንቶ ከመቀመጫው ጥቂት ብድግ ማለት፣ ጕልበቱንም እንደ ሞላ ማጠፍና መዘርጋት ከነጂው ይልቅ ለእርሱ ያስፈልገዋል፤ ይህም የሚቻለው በሁለት ጽኑ መርገጫዎች ላይ ሲቆም ብቻ ነው። መቀመጫውን በወፍራም ስፖንጅ ማስለበስ ችግሩን ይፈታዋል የሚሉ አሉ፤ በገበያ ላይ ሲነኩት የሚለሰልሰው ስፖንጅ ግን ከሰው ክብደት በታች ፈጥኖ ተጨምቆ ያልቃልና፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተፈናጣጩ በጠንካራው መሠረት ላይ እንደ ተቀመጠ ይቈጠራል። ጠንከር ያለ፣ ሰፋ ያለ፣ ወደ ፊት የማያንሸራትት መቀመጫ ይሻላል።

በአገራችን ከሚታዩት ሞተሮች መካከል የሕንድ ሥራ የሆኑት ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ የቻይና ሥራ የሆኑትም ልዩ ልዩ ዓይነቶች ለሁለት ሰው ተብለው ስለ ተሠሩ ረጅም መቀመጫና የተፈናጣጭ መርገጫ ይዘው ይመጣሉ፤ የእነርሱ ችግር የሚጀምረው የመርገጫዋ ጎማ አልቆ፣ ማጠፊያዋ ላልቶ፣ ብረቷ ራቁቷን ስትቀር ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በርዳታ ድርጅቶች እጅ የሚገኘው የያማሃ ኤጂ ዓይነት ግን የተለየ ነገር አለው። ይህ ሞተር ለእርሻ ሥራ የታሰበ፣ ጭቃ የማይበግረው፣ ከፊትም ከኋላም የዕቃ መጫኛ ብረት ያለው፣ መቀመጫው ግን ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ነው። የግብርና ባለሙያው ወደ ቀበሌ ሲወጣ ብቻውን አይሄድም፤ ባልደረባውን፣ አንዳንዴም በመንገድ ያገኘውን እናት ያሳፍራል፤ ያ ሰው በዕቃ መጫኛው ብረት ላይ፣ ከኋላው ጎማ መካከል እንኳ አልፎ፣ መርገጫ በሌለበት እግሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሞተሩ አልበደለም፤ ያልተሠራበትን ተግባር የሰጠነው እኛ ነን። መሥሪያ ቤቶቹ ሠራተኞቻቸው ሰው እንደሚያፈናጥጡ እያወቁ ባለ አንድ መቀመጫ ሞተር ከሚገዙ፣ ባለ ሁለቱን ቢመርጡ ወይም በደንብ የተበየደ መቀመጫና መርገጫ ቢያስጨምሩ ይገባል።

አሁን የዚህ ጥያቄ ልብ ወደ ሆነው፣ ከሁሉም ይልቅ ሊታሰብበት ወደሚገባው ነገር ልምጣ፤ እርሱም በአንድ ወገን የምትቀመጠው ሴት ነገር ነው። በያዮ፣ በሁሩሙ፣ በመቱም ገበያ ቀን ረጅም ቀሚስና ነጠላ የለበሰች፣ ወይም በእስልምና ሥርዐት ጅልባብ የደረበች እናት ሁለቱንም እግሮቿን በአንድ ጎን አድርጋ፣ አንዳንዴም ልጅ አዝላ ስትሄድ ማየት የዕለት ነገር ነው። ሕንድ አገርም ሳሪ የሚለብሱ ሴቶች እንዲሁ ስለሚቀመጡ፣ የዚያ አገር መንግሥት በ1989 እ.ኤ.አ. ባወጣው የሞተር ተሽከርካሪዎች ደንብ፣ በ123ኛው ቍጥር፣ ማንኛውም ሞተር ሳይክል ለተፈናጣጭ የእጅ መያዣ፣ የእግር ማሳረፊያና ቢያንስ የኋላውን ጎማ እኩሌታ የሚሸፍን፣ ልብስ ወደ ጎማው እንዳይገባ የሚከለክል ከለላ እንዲኖረው አዟል። ስለዚህ ከዚያ አገር በሚመጡት ብዙ ሞተሮች በግራ በኩል የብረት ከለላና ሁለት እግር የሚያሳርፍ ሰፊ መርገጫ ይታያል።

ነገር ግን በዚህ ውስጥ ብዙ ሰው ያላስተዋለው ምሥጢር አለ። ሕንድ ተሽከርካሪ መንገዱን በግራ በኩል ይዞ የሚሄድበት አገር ነው፤ ስለዚህ በሕንድ በግራ በኩል የምትቀመጥ ሴት እግሮቿ ወደ መንገዱ ዳር፣ ወደ እግረኛው ወገን ይዘረጋሉ፤ ስትወርድም የምትወርደው በዳር ነው። ኢትዮጵያ ግን በ1956 ዓ.ም. ከግራ ወደ ቀኝ መንዳት ከዞረች ወዲህ ተሽከርካሪዎቻችን በቀኝ ይሄዳሉ። እንግዲህ በዚያው በግራ መርገጫ የምትቀመጠው የያዮ እናት እግሮቿን ወደ መንገዱ መካከል፣ ከፊት ለፊት ወደሚመጣው የጭነት መኪና ዘርግታ ትሄዳለች፤ ጀርባዋን ለዳሩ ሰጥታ፣ ሞተሩ በቆመ ጊዜም የምትወርደው መኪና በሚያልፍበት በኩል ነው። በቀኝ በኩል ልትቀመጥ ብትፈልግ ደግሞ የጋለው ማርሚታ ከእግሮቿ ሥር ይገኛል፣ የእግር ማሳረፊያውም ሰፊው አይደለም፣ የልብስ ከለላም የለም። ከሌላ አገር መንገድ ጋር የተስማማ ጥበብ ወደ እኛ መንገድ ሲመጣ ጎኑን ሳይለውጥ መምጣቱ፣ ለተቀማጯ ከሁለቱ አደጋዎች አንዱን እንድትመርጥ ብቻ አድርጓታል። በጉዳዩ ላይ የሚነገረውም አብዛኛውን ጊዜ ተግሣጽ ነው፤ «ሴቶች በአንድ ወገን አይቀመጡ» ይባላል፤ ነገር ግን ለምን እንደሚቀመጡ የሚጠይቅ፣ ለልብሳቸውና ለሥርዐታቸው የሚስማማ ብረት የሚያስብ ጥቂት ነው።

በአንድ ወገን መቀመጥ በራሱ አደገኛ መሆኑን አልክድም። የክብደቱ ማዕከል ወደ አንድ ጎን ይሄዳል፣ ነጂውም ሚዛኑን ለመጠበቅ ሰውነቱን ወደ ሌላው ወገን ያዘነብላል፤ ፍሬን ሲያዝ ጕልበቶቿ የሚይዙት ነገር የለም፤ ወደ ጎን የተዘረጋው እግርም በጠባብ ጥርጊያ ላይ ከግንድና ከአጥር ጋር ይጋጫል። ስለዚህ ግራና ቀኝ እግር ሰዶ መቀመጥ እጅግ የተሻለ ነው። ይህም ለባህላችን እንግዳ አይደለም፤ የጥንት ወይዛዝርት በበቅሎ ሲሄዱ ከሸማቸው ሥር ሱሪ ለብሰው፣ በካባቸው ተሸፍነው፣ ግራና ቀኝ እግር ሰደው ይቀመጡ ነበርና፣ ዛሬም ከቀሚስ ሥር ሱሪ የሚለብሱ ወጣት ሴቶች ያንኑ ጥንታዊ አኳኋን ይመልሳሉ። ዕድሜያቸው የገፋ፣ ነፍሰ ጡር የሆኑ፣ ወይም በሌላ ምክንያት እንዲህ መቀመጥ የማይቻላቸው ግን ይኖራሉ፤ ለእነርሱ በቀኝ በኩል ማርሚታውን የሚሸፍን ወፍራም መከላከያ፣ ከእርሱ በላይ ሁለት እግር የሚያሳርፍ ሰፊ ጠፍጣፋ መርገጫ፣ ከጎማውም ጎን የልብስ ከለላ፣ በመቀመጫው ኋላም ጥብቅ የእጅ መያዣ መሥራት ለአንድ ብርቱ በያጅ የአንድ ቀን ሥራ ነው። ይህን የሚያሠራ የሞተረኞች ማኅበር ቢገኝ ብዙ እናቶች ይመርቁታል፤ ደንበኛም አያጣም።

የሕፃናትን ነገር ሳላነሣ ማለፍ አልችልም። ሕፃን በመካከል፣ ወይም ከእናቱ ኋላ ተቀምጦ ሲሄድ እግሩ ከመርገጫው አይደርስም፤ የተንጠለጠለች ተረከዝ በጎማው ሽቦዎች መካከል ስትገባ ቆዳን፣ ጅማትንና አጥንትን በአንድ ጊዜ ትቀጠቅጣለች፤ ይህ ጉዳት በየአገሩ በሐኪሞች ዘንድ የታወቀ፣ ለመዳንም ብዙ ጊዜ የሚፈጅ ነው። የቀኝ ባቷን በማርሚታ የተቃጠለች ልጅ ጠባሳ ደግሞ ዕድሜ ልኳን ይኖራል። እግሩ መርገጫ የማይደርስ ልጅ በሞተር ላይ እንዲፈናጠጥ መፍቀድ ፈጽሞ አይገባም። ሌላ መጓጓዣ የለም የሚለውን መልስ አውቀዋለሁ፤ እርሱም እውነት ነው፤ እንዲህ በሆነ ጊዜ ግን ቢያንስ ጎማው በሁለቱም ወገን በከለላ ይሸፈን።

ሌሎች አገሮች በሕጋቸው ምን እንዳሉ መመልከት ይጠቅማል። የእንግሊዝ አገር የ1988 እ.ኤ.አ. የመንገድ ትራፊክ ሕግ ከአንድ በላይ ተፈናጣጭ ማሳፈርን ይከለክላል፣ ያም አንዱ በጽኑ በታሰረ መቀመጫ ላይ ግራና ቀኝ እግር ሰዶ እንዲቀመጥ ያዝዛል፤ የመንገድ መመሪያቸውም ሁለቱንም እግሮች ከመርገጫው ላይ እንዳያነሣ ይመክራል። የአሜሪካ ፌዴራል የደኅንነት መለኪያ በ123 ቍጥሩ ለእያንዳንዱ ተቀማጭ መርገጫ እንዲኖር፣ የተፈናጣጩም መርገጫ ወደ ኋላና ወደ ላይ እንዲታጠፍ ደንግጓል። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በ1993 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ የተፈናጣጩ የእጅ መያዣ 2000 ኒውተን፣ ይኸውም ወደ 200 ኪሎ የሚጠጋ ክብደት ሳይበጠስ እንዲችል አዟል። የአገራችን የትራፊክ ደንብ ነጂውም ተፈናጣጩም የራስ ቁር እንዲደፉ ያዝዛል፤ ይህ መልካም ነው። በ2011 ዓ.ም. ሰኔ መጨረሻ የአዲስ አበባ አስተዳደር ከጥቂቶች በቀር ሞተር ሳይክሎች በከተማዪቱ እንዳይንቀሳቀሱ ባገደ ጊዜ ብዙ ክርክር ተነሥቶ ነበር፤ ክርክሩ ግን ስለ ወንጀልና ስለ ፈቃድ እንጂ ከኋላ ስለሚቀመጠው ሰው አልነበረም። ሞተርን ከከተማው ማራቅ ሌላ መጓጓዣ ላለው ከተማ አንድ ብልሃት ሊሆን ይችላል፤ በያዮ ሞተርን መከልከል ሰውን ከሐኪምና ከገበያ መከልከል ስለ ሆነ፣ ለእኛ የሚቀረን ማሻሻል ነው።

የማሻሻሉ ሥራ የሚውለው በያጁ ቤት ነው። ከያዮ እስከ መቱ ባሉት ከተሞች የብየዳ ቤቶች አይጠፉም፤ የወደቀች መርገጫ ስትመጣ በያጁ ከፌሮ ቁራጭ ሌላ ሠርቶ ይተካት ይሆናል። ብርታቱን አደንቃለሁ፤ ሆኖም አንዳንድ ጥንቃቄ ቢታከልበት ይበልጥ ይጠቅማል። ሰው ወደ ሞተሩ ሲወጣ አንድ እግሩን በመርገጫው ላይ አድርጎ ሙሉ ክብደቱን በአንድ ብረት ጫፍ ላይ ስለሚጥል፣ በጕድጓድ ላይም ያ ክብደት ከመጠኑ በላይ ስለሚበዛ፣ ብረቷ በቀጭን ብየዳ ብቻ ሳትሆን በጥብቅ ቡሎንና ዳዶ ልትያዝ ይገባታል። ከፌሮ የተሠራች የማትታጠፍ መርገጫ ቀድሞ በተነገረው ምክንያት አደገኛ ናትና ማጠፊያዋን ከነሞላዋ ከአሮጌ ሞተር ፈልጎ መጠቀም ይሻላል። ለረጅም ሰው ዝቅ ያለች፣ ለአጭር ሰው ከፍ ያለች መርገጫ ለማግኘት፣ በመያዣው ሰሌዳ ላይ በአንድ ቀዳዳ ፈንታ ሦስት ቀዳዳ ቀድዶ ብረቷን እንደ ተቀማጩ ቁመት ማሻገር ይቻላል፤ እንዲህ ሲሆን የበቅሎዋ እርካብ ጠፍር የነበራት ጥበብ ወደ ሞተሩ ትመለሳለች። በዚህ አገር ክረምት ደግሞ የመርገጫዪቱ ገጽ ነገር አለ። ለስላሳ ጎማ የለበሰች መርገጫ ለባዶ እግርና ለኮንጎ ጫማ ምቹ ናት፣ ንዝረትም ትቀንሳለች፤ ጭቃ ሲይዛት ግን ታንሸራትታለች። ጥርስ ያላት ብረት ጭቃውን ትቆርጣለች፣ ባዶ እግርን ግን ታቆስላለች። ጥልቅ መሥመር ያለው ወፍራም ጎማ፣ በጫፏም እግር ወደ ውጭ እንዳይወጣ የሚያግድ ከፍ ያለ ጕብታ ያላት መርገጫ ሁለቱን ታስታርቃለች፤ ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጦ መሥራትም ይቻላል።

ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው የቡና ለቀማ ወራት ሌላ ክፉ ልማድ ይበዛል፤ ጆንያው በነጂውና በተፈናጣጩ መካከል ይገባል፣ ወይም በግራና በቀኝ መርገጫው ላይ ይታሰራል፣ ተፈናጣጩም በጆንያው ላይ ተቀምጦ እግሩን አንጠልጥሎ ይሄዳል። ሦስት ሰው በአንድ ሞተር ሲጫንም መካከለኛው ሰው የሚረግጠው ስለሌለው በኋለኛው ሰው እግር ላይ ይደርባል፣ በዚህም ሁለቱም ድጋፍ ያጣሉ። የቡና ዋጋ በሚያስጨንቅበት ወራት ይህን መከልከል ቀላል እንዳልሆነ አውቃለሁ። ጆንያውን ብቻውን አንድ ጊዜ፣ ሰውን ብቻውን ሌላ ጊዜ ማመላለስ ጥቂት ቤንዚን ይጨምር ይሆናል፤ የተሰበረ እግር ግን የለቀማውን ወራት በሙሉ ይወስዳል።

ተሽከርካሪ በየዓመቱ ለምርመራ ቀርቦ ቦሎ ይወስዳል። መርማሪው መብራትን፣ ፍሬንንና ጎማን ሲመለከት፣ በሞተር ሳይክል ላይ ጥቂት ደቂቃ ጨምሮ ከኋላ ቢቀመጥ፣ ሁለቱን መርገጫዎች በሙሉ ክብደቱ ቢረግጥ፣ ማጠፊያቸውን አንሥቶ ቢያወርድ፣ የጎማውን ከለላና የማርሚታውን መከላከያ በእጁ ቢነካ፣ በዚህ ጽሑፍ የተነገረው ጉድለት ብዙው በዚያው ስፍራ ይታወቅ ነበር። ለኪራይ የሚሰማራ ሞተር ሁሉ ይህን ካላሟላ ቦሎ እንዳይሰጠው የዞኑ የትራንስፖርት ባለሥልጣናት ቢወስኑ፣ በያጆቹ ሥራ ያገኛሉ፤ ሞተረኛውም በመቱ መናኸሪያ ወይም በያዮ ገበያ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠራ፣ ስለ ፍጥነቱ ከመናገር አስቀድሞ የዘረጋውን መርገጫ ሊያሳይ ይችላል።